የአየር ንብረት ለውጥን ከመደበኛ ትምህርት ጋር አዋሕዶ ማስተማር፤ በድርቅና በሰፈራ አካባቢ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች የቀረበ ጥናት

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች በድርቅ ከተጎዱት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥተው በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በጎጃም መተከል እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ፣ አንዳንዶቹም ከቤተሰቦቻቸው ተለያይተው የሄዱ መሆናቸው ከጊዜ በኋላ በግልጽ የታወቀ ነው። ከዚህ ሌላ ግን እምብዛም ያልተነገረለት አንድ ችግር ነበር። ይኸውም ሰፋሪው ገበሬ በትውልድ ቀየው ከአባቶቹ የወረሰው የዝናብ፣ የአፈርና የዘር ዕውቀት በአዲሱ ቦታ አብዛኛው የማይሠራ ሆኖ መገኘቱ ነው። በደጋ ገብስና ባቄላ መቼ እንደሚዘራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው፣ በቆላ ምን ዓይነት ዘር፣ በየትኛው ዝናብ፣ በምን ዓይነት መሬት ላይ መዝራት እንደሚገባው እንደ ጀማሪ ከሥሩ መማር ነበረበት። ሰውን ወባ፣ ከብቱን ገንዲ ሲጥለው ምክንያቱን የሚያስረዳው አልነበረም።

ዛሬ ይህ ችግር ቀየውን ለቆ ባልሄደው ገበሬም ላይ እየደረሰ ነው። ሰውየው ከቦታው ባይነቃነቅም፣ የሚያውቀው አየር ንብረት ግን እየተለወጠበት ሄዷል። የበልጉ ዝናብ ይዘገያል፤ ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ይወጣል፤ አለዚያም የወሩ ዝናብ በጥቂት ቀኖች ወርዶ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። በመሆኑም የገበሬው ልጅ ከአባቱ ከሚወርሰው ዕውቀት በተጨማሪ፣ የሚያየውን ለክቶና መዝግቦ የሚያመዛዝንበት ትምህርት ያስፈልገዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ትምህርት አዲስ የትምህርት ዓይነት ሳይጨመር፣ አሁን በየዕለቱ በሚሰጡት ትምህርቶች ውስጥ እንዴት ሊሰጥ እንደሚችል ለባለሥልጣኖችና ለእርዳታ ሠራተኞች ማስረዳት ነው።

፩. ራሱን የቻለ ትምህርት የማይሆንበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈረመው የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 6፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረሰበት የፓሪስ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 12 ተዋዋይ አገሮች ሕዝባቸውን ስለ ጉዳዩ እንዲያስተምሩ ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያም የሁለቱም ስምምነቶች ተዋዋይ ናት። ጥያቄው እንግዲህ ይማር ወይስ አይማር ሳይሆን እንዴት ይማር የሚለው ነው።

ለብቻው የቆመ ትምህርት እንዲሆን ቢደረግ ሦስት ችግሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የገጠር መምህር የያዘው ክፍለ ጊዜ ሞልቶ ያደረ ስለሆነ፣ መጽሐፍና መምህር የሌለው አዲስ ትምህርት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ለክበብ ከተተወ በዓመት አንድ ቀን ችግኝ ተክሎ ፎቶግራፍ ከመነሣት አያልፍም። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን ሌላ ነው። ድርቅ ሲገባ ውኃ ለመቅዳትና ከብት ይዞ ለመራቅ ከትምህርት ቤት ቀድሞ የሚቀረው የድሃው ገበሬና የአርብቶ አደሩ ልጅ ነው። ስለ አየር ንብረት የሚያስረዳው ምዕራፍ በላይኛው ክፍል ብቻ ከተሰጠ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ልጅ ሳይደርስበት ይቀራል። ስለዚህ ትምህርቱ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ በሒሳቡ፣ በሳይንሱ፣ በቋንቋው ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

፪. መምህሩ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባ ዕውቀት

ሀ) የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት። የአየር ሁኔታ የዛሬው ወይም የዚህ ሳምንት ዝናብና ሙቀት ነው። የአየር ንብረት ግን የብዙ ዓመት ጠባይ ሲሆን፣ ባለሙያዎች በተለምዶ የ30 ዓመት አማካይ ይወስዳሉ። ስለሆነም አንድ ዓመት ዝናብ ስለ ቀረ የአየር ንብረት ተለወጠ፣ አንድ ዓመት ስለ ዘነበ ደግሞ አልተለወጠም ማለት አይቻልም።

ለ) የሙቀቱ ምክንያት። የፀሐይ ብርሃን ምድርን ያሞቃል፤ ምድርም ሙቀቱን መልሳ ወደ ላይ ትለቃለች። በአየር ውስጥ ያሉት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን የመሳሰሉት ጋዞች ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ይዘው ያስቀራሉ። የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ቃጠሎ፣ የደንም ጭፍጨፋ እነዚህን ጋዞች አብዝቷል። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 280 እጅ ገደማ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 እጅ በላይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 የነበረው የዓለም አማካይ ሙቀትም ከ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ጋር ሲነጻጸር በ1.1 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ከመቶ 7 ያህል ተጨማሪ የውኃ ተን ሊሸከም ይችላል። ድርቁም ጎርፉም አብረው የሚበረቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሞቃቱ አየር ከመሬት ብዙ እርጥበት ይወስዳል፤ ሲያወርደውም በብዛት ያወርደዋል።

ሐ) ኤልኒኞና ላኒኛ። ኤልኒኞ የሚባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ምድር ወገብ አካባቢ ያለው ውኃ ከወትሮው ሲሞቅ ነው። በዚህ ጊዜ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል፤ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚጥለው ዝናብ ይጨምራል። ውኃው ከወትሮው ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም በላኒኛ ጊዜ፣ ነገሩ ይገለበጣል። በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰዎች እርዳታ እንዲያስፈልጋቸው ያደረገው ድርቅ ከብርቱ ኤልኒኞ ጋር የተያያዘ ነበር። በቦረናና በሶማሌ አካባቢ ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት እስከ 2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉት ግን በላኒኛ ዘመን ነው። ለአንዱ ወረዳ የሚሠራው ማስጠንቀቂያ ለሌላው እንደማይሠራ መምህሩ ማወቅ ይኖርበታል።

መ) ድርቅና ረሀብ። ድርቅ የዝናብ እጥረት ነው፤ ረሀብ ግን የሰው እጅ ያለበት ጉዳይ ነው። ጦርነት፣ የመንገድ እጦት፣ የእህል ዋጋ መናር፣ የእርዳታ መዘግየትና የችግሩ መደበቅ ድርቁን ወደ እልቂት ይለውጡታል። ይህን ልዩነት ያልያዘ ትምህርት ጥፋቱን ሁሉ በሰማይ ላይ የሚጥል ይሆናል።

፫. በየትምህርቱ ሊሰጥ የሚችለው ሥራ

ሀ) በሒሳብ ትምህርት

የመጀመሪያው ሥራ ዝናብን መለካት ነው። ለዚህም አፉና ሥሩ እኩል ስፋት ያለው፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ይበቃል። ጣሳው ከዛፍና ከቤት ርቆ በገላጣ ቦታ ይቀመጣል፤ ርቀቱ ከዛፉ ወይም ከቤቱ ቁመት ቢያንስ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተጠራቀመው ውኃ በማስመሪያ ተለክቶ በሚሊ ሜትር ይመዘገባል፤ ከዚያም ይደፋል። ዝናብ ያልጣለበት ቀን “0” ተብሎ መጻፍ አለበት እንጂ ባዶውን መተው የለበትም፤ ባዶ ቦታ ዝናብ አልነበረም ይሁን ያልተለካ ይሁን አይለይምና ነው።

ሁለተኛው ሥራ ማባዛትና ማካፈል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። የመማሪያ ክፍሉ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚሸፍነው መሬት ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 160 ካሬ ሜትር ነው። እዚህ ላይ የሚለካው ጣሪያው የሚሸፍነው መሬት እንጂ ያዘነበለው ቆርቆሮ አይደለም። 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 4,000 ሊትር ይወርዳል። በአሸንዳው በኩል የሚያዘውና የሚደርሰው ከመቶ 80 ነው ቢባል 3,200 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር 16 በርሜል ይሞላል። ተማሪው ይህን ካሰላ በኋላ እናቱ ውኃ ፍለጋ የምትሄድበትን መንገድ ከክፍሉ ጣሪያ ጋር ማወዳደሩ አይቀርም።

ሦስተኛው ሥራ አማካይን መረዳት ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ቦታ በአምስት ዓመታት ውስጥ የሐምሌ ወር ዝናብ 180፣ 240፣ 60፣ 300 እና 220 ሚሊ ሜትር ነበር እንበል። አማካዩ 200 ነው። ነገር ግን ከአምስቱ ዓመታት 200 የሆነው አንድም የለም፤ ቤተሰቡን ያስራበውም ያ 60ው ዓመት ነው። ተማሪው አማካይ ብቻውን እንደሚያሳስት ከዚህ ይማራል። ይህ ለተማሪው ብቻ ሳይሆን የወረዳን ዕቅድ ለሚያወጣ ባለሥልጣንም የሚጠቅም ትምህርት ነው።

አራተኛው ስለ ጎተራ ነው። በአገራችን የእርዳታ እህል በተለምዶ የሚታደለው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም በሚል ስሌት ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለስድስት ወር 450 ኪሎ ግራም፣ ማለትም አራት ኩንታል ተኩል ያስፈልገዋል። ተማሪው ለዘር የሚቀመጠውን፣ ለገበያ የሚወጣውንና በነቀዝ የሚበላሸውን ቀንሶ፣ የቤቱ እህል እስከ የትኛው ወር እንደሚያደርስ ማስላት ይችላል።

ለ) በሳይንስ ትምህርት

ሁለት እኩል ሣጥኖች አፈር ተሞልተው፣ አንዱ ሣር ለብሶ ሌላው ባዶውን ሆኖ፣ እኩል ዘንበል ተደርገው ይቀመጣሉ። በሁለቱም ላይ እኩል ውኃ በቀስታ ሲፈስባቸው፣ ከእያንዳንዱ የወጣው ውኃና አፈር ተይዞ ይለካል። እርከንና የሣር ሽፋን ለምን እንደሚያስፈልግ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይህ ያስረዳል።

ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ደግሞ ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ግቢ ጉድጓድ ቆፍረው እርጥበቱ ስንት ጣት እንደዘለቀ ይለኩ። ላይ ላዩን ብቻ በረጠበ መሬት ላይ የተዘራ ዘር በቅሎ ይደርቃል። ለድሃ ገበሬ ይህ ማለት የመጨረሻው ዘር ጠፋ ማለት ነው፤ ሁለተኛ የሚዘራው ከሰው ተበድሮ ይሆናል።

ስለ ወባ ሲማሩም ትንኟ ከእንቁላል እስከ ክንፍ የምትደርስበት ጊዜ በሙቀት እንደሚያጥር ይነገራቸው። ከላይ የተጠቀሰው የውኃ በርሜልም ክዳን ከሌለው የትንኝ መራቢያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በተለይ በእንዲህ ያለ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። አንዱን ችግር ለማቃለል የተደረገው ነገር ሌላ ችግር እንዳያመጣ ማሰብም የትምህርቱ ክፍል ነው።

ሐ) በጂኦግራፊ ትምህርት

በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የሚለው የአገር ልማድ ለትምህርቱ መልካም መነሻ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይጨምራል። ከ2,500 ሜትር ተነሥቶ በ1,100 ሜትር ላይ የሰፈረ ቤተሰብ 9 ዲግሪ ገደማ ወደሚሞቅ አገር ገብቷል ማለት ነው። ተማሪዎች ይህን ካሰሉ በኋላ ገብስ ለምን እንዳልሆነ፣ ማሽላና ሰሊጥ ለምን እንደሚስማሙ፣ የቆላ ዝንብ ለምን እንደሚገኝ ራሳቸው መልስ ይፈልጋሉ። የዓለም ሙቀት መጨመር ደግሞ ቆላውን ወደ ወይና ደጋው እየገፋው እንደሚሄድ ከዚሁ ስሌት መረዳት አያዳግታቸውም።

መ) በቋንቋ ትምህርት

ተማሪዎች ከቀበሌው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዘንድ ሄደው ስለ ቀድሞው ዝናብ፣ ስለ ደረቁ ምንጮች፣ ስለ ጠፉ የዘር ዓይነቶች ጠይቀው ይጻፉ። የጠየቁት ሰው ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይተው ማስፈር፣ ዘመኑንም ማጣራት ይገባቸዋል። በሰፈራ አካባቢ ይህ ሥራ ተጨማሪ ጥቅም አለው። የሰፋሪው ልጅ ከነባሩ ሕዝብ ሽማግሌ ዘንድ ሲማር፣ ነባሩ ሕዝብ የቦታው ባለዕውቀት መሆኑ ይታወቅለታል፤ በመሬትና በውኃ ምክንያት የሚነሣውን ጠብም ለማብረድ ይረዳል።

ሠ) በታሪክና በዜግነት ትምህርት

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ክፉ ቀን በዝናብ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ከብቱን በጨረሰው የደስታ በሽታም የመጣ መሆኑ ይነገር። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለምን እንደተቋቋመ፣ የወሎ ረሀብ አስቀድሞ በመደበቁ ምን ጉዳት እንዳደረሰ፣ በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ሰቆቃ፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህም የሴፍቲኔት ፕሮግራም በምን ምክንያት እንደተጀመረ በቅደም ተከተል ይቅረብ። በ1995 ዓ.ም. 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር ሲታቀድ በፈቃደኝነት ይሁን የተባለው ካለፈው ስሕተት በተገኘ ትምህርት መሆኑም መዘንጋት የለበትም። አፍሪካ ከነዳጅና ከከሰል ቃጠሎ ከሚወጣው የዓለም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያላት ድርሻ ከመቶ 4 የማይደርስ ሲሆን፣ ጉዳቱ ግን የሚበረታባት መሆኑ ለፍትሕ ውይይት በቂ ርእስ ነው።

፬. ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነጥቦች

የመጀመሪያው፣ በብዙ ክፍሎች የሚሰማው የኦዞን መሳሳትና የዓለም ሙቀት መጨመር አንድ ነው የሚለው ስሕተት መታረም አለበት። የኦዞን መሳሳት ጎጂውን የፀሐይ ጨረር የሚያሳልፍ ሌላ ችግር ነው።

ሁለተኛው፣ ገበሬው ዛፍ ቆርጦ ዝናቡን አጠፋ እያሉ ልጁን በአባቱ ላይ ማስነሣት ተገቢ አይደለም። የደን መጨፍጨፍ አፈርን ያሳጥባል፣ ምንጭንም ያደርቃል፤ የዓለም ሙቀት መጨመር ዋና ምክንያት ግን የእርሱ ምድጃ አይደለም። ማገዶ የሚሸጥ ሰው ሌላ የሚሸጠው እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ሦስተኛው፣ ረሀብ ያየ ልጅ በክፍል ፊት ቆሞ የደረሰበትን እንዲናገር ማስገደድ ነውር ነው። መናገር የፈለገ ይናገር፤ ያልፈለገ ዝናቡን ይለካ።

አራተኛው፣ የአገር ሽማግሌ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ነፋስና ስለ አእዋፍ የሚናገረው የዝናብ ምልክት ሳይመረመር አይጣል፤ ሳይመረመርም አይወሰድ። ምልክቱ የታየበት ቀን ከዝናቡ መዝገብ ጎን ተጽፎ በጊዜ ብዛት ይፈተን።

፭. የባለሥልጣኖችና የእርዳታ ሠራተኞች ድርሻ

መምህሩ ብቻውን ይህን ሁሉ ሊወጣ አይችልም። ስለሆነም፦

1. የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የወቅት ትንበያ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ እንዳይቀር፣ በአካባቢው ቋንቋ ለየትምህርት ቤቱ ይድረስ።

2. የዝናብ መዝገቡ በየሳምንቱ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይታይ። መዝገቡ የመደበኛውን ጣቢያ ልኬት አይተካም፤ ነገር ግን ጣቢያ በሌለበት ሸለቆ ዝናብ መዘግየቱን ቀድሞ ሊያመለክት ይችላል።

3. ድርቅ በገባበት ወረዳ የትምህርት ቤት ምገባና የውኃ አቅርቦት ቅድሚያ ይሰጠው። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው።

4. አዲስ ሰፈራ ሲታቀድ ትምህርት ቤቱ ከመጀመሪያው የዝናብ ወቅት በፊት ይከፈት፤ የቦታው የዝናብ፣ የከፍታና የበሽታ ሁኔታም ለሰፋሪው ከመነሣቱ በፊት ይነገረው። ይህን ሰምቶ አልሄድም የማለት መብቱም ይጠበቅለት።

5. የመምህራን ሥልጠና በአዳራሽ ብቻ ሳይሆን በማሳና በጣሳው ዙሪያ ይሁን። ጣሳውን ራሱ ያልለካበት መምህር ለተማሪው ሊያስለካው አይችልም።

በአጠቃላይ ሲታይ የአየር ንብረት ትምህርት ውድ መሣሪያም ሆነ አዲስ መጽሐፍ እስኪመጣ የሚጠብቅ አይደለም። ባዶ ጣሳ፣ ማስመሪያ፣ ደብተርና በየጠዋቱ ሳያቋርጥ የሚመዘግብ ልጅ ካሉ ተጀምሯል። በ1977 ዓ.ም. ወደማያውቀው አገር የሄደው ሰፋሪ ከመዝራቱ በፊት መሬቱን የሚያስረዳው ሰው አጥቶ ነበር። ዛሬ አባት የያዘውን ዘር በመጀመሪያው ካፊያ ሊበትን ሲነሣ፣ እርጥበቱ ሁለት ጣት ብቻ መዝለቁን ለክቶ “አባባ፣ ጥቂት ቀን እንቆይ” የሚል ልጅ በቤቱ ቢገኝ፣ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ይቻላል።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በወረዳችሁ የዝናብ ልኬት የሚይዙ ትምህርት ቤቶች ስንት ናቸው? መዝገቡን ማን ያየዋል?

2. ባለፈው ድርቅ ወቅት ከትምህርት ቤት የቀሩት ልጆች እነማን ነበሩ? በምን ምክንያት?

3. በሰፈራ አካባቢ ነባሩ ሕዝብ ያለው ዕውቀት ለሰፋሪው የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?

4. በወረዳችሁ ያለው የአማካይ ዝናብ ቁጥር የሸፈነው ክፉ ዓመት የትኛው ነው?